ገንዳ ውስጥ የዋልኩበት ቀን

ከዚህ በታች ካለው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ሐሰት ከሆነች፣ የተረፈችኝ ፀጉሬም ትርገፍ። ምስክር ከተፈለገ ባለቤቴ እዚሁ አጠገቤ ቆማ ልብስ እየተኮሰች ነው።

የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ኩላሊት ታጠናለች። ለመመረቂያ ሥራዋ የቀራት አንድ ሰው ነበር፤ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ረፋዱን ሙሉ ንቅንቅ የማይል። እመጣለሁ ያላት ሰውዬ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀረ። ገንዳው ደግሞ በማግስቱ ለሌላ ተማሪ ሊሰጥ ነው። በስልክ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና «ጋሼሽ በሕይወት እያለ አታለቅሺም» ብዬ፣ ባለቤቴን አስከትዬ ከተፍ አልኩ።

«ጋሼ፣ ሽንትህ ይመጣል እኮ» አለችኝ።

«ውሃ ሳልጠጣ ከየት ይመጣል?»

«የገንዳው ውሃ እግርህንና ሆድህን ሲጫነው ደምህ ወደ ደረትህ ይወጣል፤ ልብህ ይወጠራል። አንጎልህ ያን ሲሰማ ደም የበዛ ይመስለዋል። ስለዚህ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ነርቭ ዝም ያሰኘዋል። ነርቩ ሲበረታ ኩላሊት ውሃ ይቋጥራል፣ ዝም ሲል ይለቃል። ቶሎ ከወጣህ ግን ደሙ ተመልሶ ይወርድና ነርቩ ይነቃል፤ ልፋቴም ገደል ይገባል።»

«የእኔ አንጎል በገንዳ ውሃ አይታለልም» አልኳትና ገባሁ።

ደሜ ሽቅብ ሲወጣ ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት። አንጎሌ ነርቩን «አንተ፣ ዝም በል» ሲለውም በደንብ ተሰማኝ። ከዚያማ ኩላሊቶቼ ግድቡን ከፈቱት። ፊኛዬ ሐብሐብ አከለ። ሌላ ሰው ቢሆን ግድግዳ ጥሶ በወጣ ነበር፤ እኔ እያፏጨሁ ቆየሁ። ልጅቷ «በቃ» ስትል በክብር ወጣሁ። የሽንት መለኪያው አልበቃ ብሎ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ተለመነ። የሚያስተምሯት ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አውልቀው «እንዲህ ያለ ኩላሊት በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። ልጅቷም አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ይኸው ትናንት ተመረቀች፤ ቤታችን እስካሁን በሳቅ እንደሞላ ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ካውያዋን አቁማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ቆንጆ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ የሸሚዜን ኮሌታ እየገለበጠች። «ብቻ አንተ ውሃው እምብርትህ ጋ ሳይደርስ ዘለህ ወጣህ። ገንዳው ውስጥ የዋልኩት እኔ ነኝ። አንተማ ፎጣዬን ይዘህ ሽንት ቤት ነበርክ።»