ሙታንም ይቆጠሩ

በሐምሌ ወር ሦስተኛው ቅዳሜ፣ በቺካጎ ደቡብ ሰፈር፣ በለሙኤል ፔትዌይ ጓሮ የተገኙት እነዚህ ናቸው፤ ባለቤቱ ኦዴሳ፣ ከአትላንታ የመጣችው ታላቅ እህቱ ቨርኔል፣ ከሂዩስተን የመጣው የወንድሙ ልጅ ኩዊንሲ፣ ጎረቤቱ ፐርሲ፣ እንዲሁም ሌሎች ፔትዌዮች። ከተደረደሩት ወንበሮች ግማሾቹ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን ቦርሳ ነው።

ለሙኤል ወንበሮቹን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ የጎድን ሥጋ ይጠብሳል። የቤተሰቡ ዓመታዊ ድግስ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከዚህ ጓሮ ወጥቶ አያውቅም። ድግሱ ከሄደ በዚህ በር የሚገባ ዘመድ እንደማይኖር ያውቃል። ዛሬ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ቦታ የሚወሰንበት ቀን ነው።

«ሕጉ ይታወቃል» አለች ቨርኔል ጣቶቿን እየጠረገች። «ድግሱ ብዙ ፔትዌይ በሚኖርበት ከተማ ይሁን። ሕጉን ያወጣኸው ደግሞ አንተው ነህ።»

እውነቷን ነው። ድግሱን ከአላባማ ነጥቆ ወደ ቺካጎ ያመጣው በዚሁ ሕግ ነበር። ያን ጊዜ እዚያው ደቡብ አገር አላባማ የቀሩት አሮጊቶች አለቀሱ፤ እሱ ግን «ቁጥር አይዋሽም» ብሏቸው አለፈ።

«አያታችን ከደቡብ አገር የሸሸው ነፍሱን ይዞ ነው» አለ ለሙኤል። «እናንተ ደግሞ የጭነት መኪና ተከራይታችሁ ወደዚያው ወደ ደቡብ ትመለሳላችሁ።»

«አያታችን የሸሸው ነጮቹን ነው፤ እኛ የሸሸነው በረዶውንና የቤት ግብሩን። አትላንታ ሐኪሜ ጥቁር፣ የባንኩ ሰውዬ ጥቁር። ባለፈው መኪናዬን የቀጣው ፖሊስ እንኳ ጥቁር ነው። በወገን መቀጣት እንዴት ደስ ይላል መሰለህ።»

«ደስ ካለሽ ምነው ቅጣቱን ክፈልልኝ ብለሽ ደወልሽ?»

«አጎቴ፣ ሥጋው እያረረብዎት ነው» አለ ኩዊንሲ። «በቃ፣ ቺካጎ የሚኖር እጁን ያውጣ።»

ለሙኤል መቆንጠጫውን እንደያዘ እጁን አወጣ። ፐርሲም አወጣ።

«አንተ ፔትዌይ አይደለህም» አለችው ቨርኔል።

«ለዚህ ሥጋ ስል እሆናለሁ።»

ኦዴሳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንዳጣጠፈች ነው። አትላንታ ሲባል ግን ቀኝ እጇ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የምትኖሪው እዚህ ነው» አለ ለሙኤል።

«የበረዶውን ወራት በሙሉ አትላንታ ልጃችን ጋ አይደል የምከርመው? ልብሴም ተጠቃሎ ወደዚያ ከሄደ ቆይቷል። አንተ ያላየኸው ቁም ሳጥኑን ስለማትከፍት ነው።»

ጓሮው ሳቀ። ለሙኤል መቆንጠጫውን እንደ ጎራዴ መቃብሩ ወዳለበት ወደ ምሥራቅ ቀሰረ።

«እናታችንም፣ አባታችንም፣ ወንድሞቻችንም እዚህ ነው የተቀበሩት። እነሱ እንደ እናንተ ዕቃ ጠቅልለው አይሄዱም። ሙታንም ይቆጠሩ!»

ቨርኔል ማሽላ እንደምትለቅም ሁሉ ቀስ ብላ አሰበችበት።

«ይቆጠሩ። ግን ጥጥ ሲለቅሙ የሞቱት ፔትዌዮች በሙሉ አላባማ ናቸው። ሙታን ከተቆጠሩ ድግሱ ወደዚያ ይመለሳል። ያስለቀስካቸው አሮጊቶችም እዚያው ሆነው ይጠብቁሃል።»

ለሙኤል ሥጋውን ገለበጠ። አላባማንስ ጨርሶ አላሰባትም ነበር።

«እንግዲያው በሕይወት ያሉት ብቻ ይቆጠሩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን አንድ ነገር አለ። የሚቀጥለው ዓመት ካናቴራ ታትሟል።»

«ሳይወሰን? ማን እዘዝ አለህ?» አለች ቨርኔል።

«ቁጥር አይዋሽም ብዬ ነዋ።»

ኦዴሳ ካርቶኑን ከጋራዡ ጎትታ አመጣች። ኩዊንሲ አንዱን ዘርግቶ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «የፔትዌዮች ቤት ቺካጎ ነው።» ከዚያ ደረቱ ላይ ለካው። «ቀለሙስ ያምራል» አለ።

በሚቀጥለው ሐምሌ ድግሱ አትላንታ ሆነ። ሁሉም በዚያ ሙቀት ያንኑ ካናቴራ ለብሰው በሉ። ሥጋውን የጠበሰው ለሙኤል ነው። ፐርሲም መጥቶ ነበር።