በየደብሩ የምትበራዋ ቀይ መብራት

ያቺ ሞተር ብስክሌት ልታሳብደኝ ነበር። ወገዳ ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ ስመደብ፣ መንገድ ሊቀይስ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶልኝ ሄደ። አሮጌ ብትሆንም መድኃኒት የማመላልሰው በእሷ ነበር።

ከመሪዋ ሥር አንዲት ቀይ መብራት አለች። ዲናሞው ባትሪውን ካልሞላ ትበራለች፣ ከሞላ ትጠፋለች። ይህን ፈረንጁ ራሱ አሳይቶኛል። ያላሳየኝ ነገር መብራቷ መንገድ ላይ ለምን ደብር ደጃፍ ብቻ እንደምትበራ ነው።

መቼም መንገደኛ ደብር ደጃፍ ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ ተሳልሞ ያልፋል። እኔም ከሞተሬ እወርዳለሁ። ካጠፋኋት መልሳ አትነሳልኝም ብዬ ስለምፈራ ግን እንደተነሳች እተዋታለሁ። ጎንበስ ብዬ ተሳልሜ ቀና ስል መብራቷ ታፈጥጥብኛለች። መንገዴን ስቀጥል ትጠፋለች። ቀጣዩ ደብር ስደርስ ደግሞ ያው። እንዲህ እንዲህ ስንል ባትሪው ያልቅና ቀጥ ትላለች።

ዲናሞውን ፈታሁ። ካርቦኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁ፣ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስሁ። ምንም የለም። በመጨረሻ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለ ይርጋ የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰድኋት። ይርጋ አስነሣትና አገሩ እስኪናወጥ ቤንዚን ሰጣት። መብራቷ ጥፍት አለች።

«ወንድሜ፣ ይህች እንዳንተ ጤነኛ ናት» አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የራሴን ጤንነት እጠራጠር ነበር።

ነገሩን ያከበደብኝ ሌላም ነበር። ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ስማር ቆይቼ ሳልጨርስ ወጥቼ ነው መርፌ ወጊ የሆንኩት። የወገዳ ሰው «መብራቷ የምታፈጥጠው በአንተ ላይ ነው» እያለ ይቀልድብኛል። አብሬ እስቃለሁ። ደብር ከሩቅ ሳይ ግን ዓይኔ መብራቷ ላይ ይተከላል።

በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦር የዓይን ሐኪም መጥቷል፣ ሞራ ይገፍፋል፣ ነገ ከሠራ በኋላ ይሄዳል ሲሉ ሰማሁ። የድጓ መምህሬን የየኔታ ኃይለ ሚካኤልን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በበቅሎ አይደረስም። በሞተር መካነ ኢየሱስ ገብተን የከሰዓቱን አውቶቡስ ከያዝን ግን ይደረሳል። ባትሪው መንገድ ላይ ካለቀ የየኔታም ዓይን እዚያው አለቀ።

ቤተ ልሔም ሄጄ ከኋላዬ አስቀመጥኋቸውና በመቀነት ከወገቤ ጋር አሰርኋቸው። ጉሙ ስለከበደ የፊት መብራቱን አበራሁ።

ብዙም ሳንሄድ ነፋሱ የጽድ ሽታ አመጣ። «ማርያም ደርሰናል፣ አውርደኝ» አሉ።

አወረድኋቸው። ቀይዋ መብራት በራች።

«ምነው አቃሰትህ?»

«መብራቷ በራች፣ የኔታ።»

«ትብራ እንጂ! ጨለማው ያስቸገረን እኛን ነው።»

ሚካኤል ስንደርስ ደግሞ በራች። ስንነሣ የፊት መብራቱ እንደ ጧፍ ደብዝዞ ነበር። ግራ ገባኝ። እግዜር የኔታን አይቀጣም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ታዲያ እኔ ልቀጣ የእሳቸው ዓይን ለምን ይክፈል? አለቅስ ጀመር። የሞተሯ ጩኸት ልቅሶዬን መሸፈኑ በጀኝ።

ጠባቡ መንገድ ላይ እህል የጫኑ አህዮች ዘጉን። ቆምን። ሞተሯ ዝግ ብላ እየተንተከተከች ሳለ ቀይዋ መብራት በራች።

ዙሪያዬን አየሁ። «የኔታ፣ እዚህ ግድም ደብር አለ?»

«የለም። ዛሬ ምን ነካህ? ቤተ ክርስቲያን ስትፈልግ ሰምቼህ አላውቅ።»

ቤንዚን ሰጠኋት፣ ጠፋች። ለቀቅሁላት፣ በራች። አሁንም ሰጠኋት፣ ጠፋች። ባለ አህዮቹ አበደ ብለው ከብቶቻቸውን ወደ ዳር ነዱ።

ለካስ ዲናሞው ሲሮጥ እንጂ ዝግ ሲል አይሞላም! መንገድ ላይ ዝግ ብዬ የምቆመው ደብር ደጃፍ ብቻ ነው። በየደብሩ ሞተሯን በዝግታ ትቼ፣ የፊት መብራቱን እንዳበራሁ ስሳለም ባትሪውን የምጨርሰው ራሴ ነኝ። እንዳትጠፋ እያልኩ የምገድላት እኔው!

«የኔታ፣ ከእንግዲህ ደብር ላይ አንቆምም» አልኩ። «ከቆምን ባትሪው ያልቃል።»

«ዓይን ስጠኝ ልለው እየሄድሁ፣ በደጁ ሳልሳለም? አይሆንም።»

«እንግዲያ ሞተሯን ላጥፋት ነው። ካጠፋኋት ደግሞ አትነሣም!» ጮህሁ። በየኔታ ላይ ጮኼ አላውቅም።

ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። «ስማ ደሴ፣ ቤተ ክርስቲያን የት ይተከላል?» አሉኝ፣ ዜማ ሲያስጠኑኝ በነበረው ድምፅ።

«ኮረብታ ላይ።»

«ከኮረብታ ቀጥሎስ?»

ወደ ፊት መንገዱን አየሁ።

«ቁልቁለት አይደለም እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ?»

ጊዮርጊስ ስንደርስ ሞተሯንም የፊት መብራቱንም አጠፋሁ። ተሳለምን። ከዚያ ቁልቁል ለቀቅኋትና ስትፈጥን ማርሽ አስገባሁ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ተነሣች። የኔታ ከኋላዬ «እሰይ!» ሲሉ ጆሮዬ ደነቆረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደብር ሁሉ እንዲሁ እየተሳለምን አለፍን። መካነ ኢየሱስ ስንገባ አውቶቡሱ ጡሩምባ እየነፋ ነበር። ነጂው ፊት ሞተሬን ገትሬ፣ ሐኪሙ ዘንድ እንዲያደርሳቸው አደራ ብዬ የኔታን አሳፈርኋቸው።

ኅዳር ላይ የኔታ በበቅሎ ወገዳ ድረስ መጡ። ማንም አልመራቸውም። ክሊኒኩ ግቢ እንደወረዱ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ወደ ሞተሯ ሄዱ።

«የታለች ያቺ ያስለቀሰችህ?»

ለካስ ሰምተውኝ ኖሯል። ቁልፉን አዞርሁት። ቀይዋ መብራት በራች። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይህች? ምስር አታክል!»

ቀና ሲሉ ፊት ለፊት ተያየን። ድጓውን ትቼ ስወጣ ጢም ያልጀመርኩ ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ልላቸው ስሄድ ድምፄን ሰምተው ነበር የሚለዩኝ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ዳበሱ፣ ካዩም በኋላ መዳበሱ አልቀረላቸውም።

«ጢም አውጥተሃል» አሉኝ። ፀጉሬን አይተው ደግሞ፣ «ሸብተሃልም እኮ።»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምሁ።

«በል ቁልፉን ዝጋው» አሉ፣ «ባትሪው ያልቃል።»