የለሊሴ የክብር ወንበር

ስሜ እንዳለች አብነት ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ሆኪ የማውቀው የለም፤ ሰፈራችንም «የፈረንጅ ገና ጨዋታ» ነው የሚለው። ልጄን ግን አውቃታለሁ። ለሊሴ በየቅዳሜው ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጆች ጋር ትጋጠም ነበር። አርብ ማታ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አይወስዳትም። እየወደቀች፣ እየተነሳች ጎበዘች።

ከዚያ አሰልጣኝ ፍሬምናጦስ «ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር» ብሎ መጣ። ለዝግጅት ተብሎ የቅዳሜው ጨዋታ ቀረ፤ ለሊሴም ተመርጣ በአውሮፕላን ሄደች። እኔ ሞኟ እልል አልኩ፣ ምን ላድርግ!

ስትመለስ ሰፈሩ ድንኳን ጥሎ ጠበቃት። አበባ አጠለቁላት። መሃል ላይ ነጠላ የለበሰ የክብር ወንበር ተዘጋጅቷል። ጎረቤታችን ጋሽ ኢብራሂም፣ «ነይ የኔ አንበሳ፣ ተቀመጪ!» አሏት።

«አልቀመጥም» አለች።

«እንዴ! ምነው ልጄ? ሰው ምን ይላል?» አልኳት።

«እማ፣ ተቀምጬ ነው የሰነበትኩት። አንድም ጨዋታ አላስገቡኝም። ዳር ላይ ሆኜ አጨብጭቤ መጣሁ። በቃኝ፣ የሆኪ ዱላዬን ለሌላ ልጅ ስጪው።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አሰልጣኙ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ግድ የለም እትዬ እንዳለች፣ ልምድ ቀስማለች» አይለኝም መሰላችሁ!

«ልምድ ከወንበር ላይ ነው እንዴ የሚቀሰመው? እስቲ ይንገሩኝ!»

«ትልልቅ ቡድኖችን አየች እኮ። ለከርሞም ሌላ ውድድር አለን፤ እሷን...»

ለሊሴ አቋረጠችው። «ያሸነፉንን ልጆች ጠይቄያቸዋለሁ፤ አገራቸው በየሳምንቱ ይጫወታሉ። እኛ እስከ ከርሞ የት ነው የምንጫወተው?»

ቅዳሜዋን ነጥቆ አውሮፕላን አሳየልኝ! አንቱታውን ያኔ ጣልኩት። ወንበሩን ብድግ አድርጌ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«በል ተቀመጥ! አንተም ልምድ ቅሰም!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «ኧረ እትዬ፣ ይረጋጉ» አለኝ። ማን ሊረጋጋ! «ለጉዞ ሲሆን ጊዜ አለህ፣ ለቅዳሜ ሲሆን የለህም?» እያልኩ ጮህኩበት። ጋሽ ኢብራሂምም ትከሻውን ይዘው ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ሰፈሩ ሁሉ ከቦ ያየው ጀመር። እሱም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«የቅዳሜው ጨዋታ መቼ ነው የሚመለሰው?» አልኩት።

«እንነጋገርበታለን...»

«መቼ?»

«የፊታችን ቅዳሜ» አለ፣ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ።

ለሊሴ አበባውን ከአንገቷ አውልቃ እሱ ላይ አጠለቀችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ዱላውን ለማንም እንዳትሰጪብኝ።»