የብልጭልጩ አምፕሊፋየር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አልረሳሁም፤ ለመርሳትም አልሞከርኩም።

የቀድሞ ባሌን የሰፈሩ ሰው «ብልጭልጩ» ይለዋል። ጫማው ያበራል፣ ፀጉሩ ያበራል፣ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ያበራል። አብረን የሬዲዮና የአምፕሊፋየር መጠገኛ ቤት ነበረን፤ እኔ እበይዳለሁ፣ እሱ ያወራል። ስንፋታ ቤቱ ለእሱ ደረሰ። ይሁን! እሱ ግን አልበቃውም። ለደንበኛ ሁሉ «ምስኪን፣ ጆሮዋ ደክሟል፤ አሁን ጥሩውን ድምፅ ከመጥፎው አትለይም» እያለ አስወራብኝ። በጆሮው ለሚያድር ሰው ከዚህ የባሰ ምን አለ? ደንበኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ። እኔም እናቴ ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ ገመድ ስቀጥል እውል ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ደጄ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ብልጭልጩ ከባድ ዕቃ ታቅፎ ላብ ያጠምቀዋል።

«ልጄ፣ ይሄን አምፕሊፋየር በእጄ የሠራሁት ነው ብሎ ሸጠልኝ» አሉ ዳኛው። «መጀመሪያ ላይ ደህና ይዘፍናል። ሲሞቅ እምም ይላል። ጎኑን ስመታው ዝም ይላል፣ ደሞ ይመለሳል። ይሄ ሰውዬ ያልቀየረው ነገር የለም፤ አንቺን ማሳየት አልፈለገም ነበር፣ ሌላ የሚያውቅ ሲጠፋ እኔ ነኝ ጎትቼ ያመጣሁት።»

ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፈው አወቅሁት። ባለ ቫልቭ ነው፤ እነዚያ አምፖል የሚመስሉ፣ ሲግሉ የሚቀሉ መስታወቶች ያሉበት። ወይ ድፍረት! የእኔ ሥራ ነው። ትራንስፎርመሩን በዚያ በኩል ያዞርኩት እኔ፣ ቫልቮቹን የደረደርኩት እኔ። አሁን ብረቱ በሙሉ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ተለቅልቋል። ደሜ ፈላ። ግን አሁን ብጮህ የፈት ሴት ቅናት ነው ይባላል ብዬ አፌን ያዝኩ።

ሰካሁትና እስኪሞቅ ጠበቅን። እውነትም እምም ማለት ጀመረ። ድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻው ቀነስኩት፤ እምምታው ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው ከማጫወቻው የመጣ አይደለም። በማማሰያ እጀታ ቫልቮቹን መታ መታ አደረግኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። የብረቱን ጥግ ነካ ሳደርገው ግን ጸጥ አለ።

«ቫልቮቹ ናቸው» አለ ብልጭልጩ።

«ቀይረሃቸው የለ? ወይስ የቀየርካቸውም ያንተን ዓመል ለመዱ?»

ዳኛው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ከኤሌክትሪክ ነቅዬ፣ ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ጠብቄ ገለበጥኩት። የመሬት ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ብሎን ሥር ይሰበሰባሉ፤ እዚያ ላይ ብረቱን በደንብ ካልነኩ ዕቃው ያጉረመርማል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጸዳለሁ፤ ብሎኑ የመጀመሪያው ፊደል ላይ እንዲያርፍ አድርጌም ስሜን እስከ አያቴ ድረስ በመርፌ እቀርጽበታለሁ። ብሎኑን ስፈታው ሥሩ ቀለም ነው። ስሜ የለም።

እንግዲህ ውስጡን ማን ያየዋል? የአምፕሊፋየር ሆድ ቀለም የሚቀባ ጅል የት አለ? ስሜን ለማጥፋት ሲል ብሎኑን ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ ሽቦውን መልሶ ቀለሙ ላይ አሠረው። ብረቱ ሲግል ይላቀቃል፣ ሲመቱት ይነካል። እሰይ! እኔን ሲቀብር ራሱ ገባበት።

ዳኛው ስልካቸው ጠራና ወደ በሩ ዞር አሉ። ብልጭልጩ አጠገቤ ጎንበስ አለ።

«በእናትሽ፣ ከብሎኑ ሥር ብቻ ፋቅ አድርጊና ግጠሚው። ስለ ጆሮሽ ያልኩትንም ለሁሉም ቀስ ብዬ በየግላቸው አስተባብላለሁ። ደንበኞችሽ ይመለሱልሻል።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አመነታ። እንጀራዬ ነበር። ግን ያስወራብኝን በጓዳ ሊያስተባብል ነው? የሰደበኝ በአደባባይ አይደለም እንዴ? እናቴ ሁሌ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለኛለች። እኔ መቼ ጸሎት ላይ ነኝ? ሥራ ላይ ነኝ!

«ክቡር ዳኛ፣ ይምጡ፣ ጥፋቱ ተገኝቷል» አልኩ ጮክ ብዬ። «ቀለሙ ነው። የቀባው እሱ ስለሆነ እሱው ይፋቀው።»

ብርጭቆ ወረቀቱን እጁ ላይ አደረግኩለት። ዳኛው እያዩት እምቢ ማለት አልቻለም። ጥቁር ብናኝ ነጩ የሸሚዝ እጅጌው ላይ እየተረጨ ፋቀ። አንድ ፊደል ወጣ፣ ሌላ ተከተለ። ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉና ስሜን ጮክ ብለው አነበቡት።

«ይቺ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«ናት» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ታዲያ በእጄ ሠራሁት ያልከኝስ? ጆሮዋ ደክሟል ያልከኝስ? ለስንት ሰው ነው እኔ ራሴ ያወራሁልህ!» አሉ ዳኛው፤ ፊታቸው ቀላ። «ነገ አንተው ይዘኸኝ ትዞራለህ፤ እያንዳንዱ ቤት ገብተህ ውሸቴን ነው ትላለህ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልደብቅም፣ ደስ አለኝ፤ ከሠርጌ ቀን የበለጠ ደስ አለኝ።

ብልጭልጩ ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ ቀና አለ። «ይበቃል?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።

ለሽቦውማ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን የአባቴንም የአያቴንም ስም አስፋቅኩት።