የእናትሽ ፍሬን

የፒክአፑ ወንበር የመጨረሻ ብሎን አልፈታም ብሎ ሹፌሩን አላበው። ግንባሩን በክንዱ ጠረገና መፍቻውን እንደገና አስገባ። ልጁ በወዲያኛው በር በኩል ጎንበስ ብላ ታየዋለች።

"አባዬ ተወው በቃ፤ ፊውዝ ሲመጣ ይፈታዋል።"

"ፊውዝ ሳይወለድ ነው ይህን ወንበር ያሰርኩት" አለና ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ተጫነው። ብሎኑ ሲጥ ብሎ ተፈታ።

ፒክአፑ አሮጌ ነው። ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያመላልስበት ኖሮ ጉልበቱ ሲደክም ለልጁ ሰጣት። ሰጣት እንበል እንጂ ቁልፉ ከኪሱ ወጥቶ አያውቅም፤ እሷ ችግኝ ታፈላለች፣ እሱ ይነዳል። ታዲያ የችግኙ ሳጥን ከኋላ አልበቃ ሲል ከፊት እግር ሥር ይደረደራል። ውሃው ይንጠባጠባል፣ ምንጣፉ ይጠጣል፣ ከሥር ላሜራው ይዝጋል። ለዚህ ነው ዛሬ ወንበሮቹን አውጥተው ወለሉን የጭነት መኪና ካሶኒ በሚቀባበት፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ በሚሻክር ወፍራም ቅብ ሊቀቡት የተነሱት።

ምንጣፉን ሲገልጡት የከረመ ዝናብ ሽታ ወጣ። አንድ የፀጉር ሽቦ ተገኘ፤ ሹፌሩ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በተሳፋሪው በኩል፣ ቀኝ እግር በሚያርፍበት ቦታ፣ ላሜራው እንደ ትንሽ ሳህን ጎድጉዶ ታየ። ቀለሙ ተልጦ አልቋል። ሹፌሩ አየው፣ ጣቱን ከተተበት፣ ከዚያ ብቻውን ሳቀ።

"ምንድን ነው አባዬ?"

"የእናትሽ ፍሬን ነዋ!"

እናትየው በዕድሜዋ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ግን ከፊት መኪና በቆመ ቁጥር፣ ውሻ ባቋረጠ ቁጥር፣ "ቀስ! ኧረ አንተ ሰው ቀስ!" እያለች ወለሉን በተረከዟ ትረግጥ ነበር። ጓደኞቹ "ያንተ መኪና ባለ ሁለት ሹፌር ናት፤ አንዷ ግን ደመወዝ የላትም" እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይናደድና "ፍሬኑ እኮ እኔ ጋ ነው!" ይላታል። እሷ ደግሞ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው፣ "ያንተ እምቢ ያለ ቀን የኔ ይይዛል" ትለው ነበር። ምንጣፉን ያነጠፈላት ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ታማ እግሯን ብርድ ብርድ ሲላት ነው። ከዚያ ወዲህ ወለሉን አላየውም ነበር።

ፊውዝ መጣ። ቀለም ቀቢው ጎረቤታቸው ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው ስሙን ያገኘው።

"እስካሁን? ፀሐይዋ እናንተን ትጠብቃለች?" እያለ ገባ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፣ አቧራውን ጠረጉት። "የብሎኑን ቀዳዳ በፕላስተር ድፈኑ! ባለፈው አንዱ ሳይደፍን ቀብቶ፣ ወንበሩ የሚታሰርበት ጠፍቶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የነዳው።" ከዚያ ጉድጓዱን አየ። "ይሄን በስቱኮ ልሙላው፤ ውሃ ይቋጥራል።"

"አይሞላም" አለ ሹፌሩ።

"እንግዲያው ከሥር በመዶሻ ላቅናው።"

"መዶሻህን ይዘህ ዞር በልልኝ!"

ፊውዝ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ዛሬስ ስሜን ጋሼ ወሰዱብኝ" አላት በሹክሹክታ።

ማጠንከሪያው ቅቡ ውስጥ ገባ። ከገባ ወዲያ መዘግየት የለም፤ በጣሳው እንዳለ ድንጋይ ይሆናል። ልጅቷ በሮቹን ሁሉ ከፍታ ሮለሯን ነከረች። የሹፌሩን በኩል ቀባች፣ መሃሉን ቀባች፣ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"እሱን ዝለይው" አላት።

"አባዬ፣ ብዘለው ዝገት ይበላዋል። ያኔ የሚቀርልህ የእማዬ እግር አይደለም፤ ቀዳዳ ነው።"

"ከቀባሽው ደግሞ ድፍን ይላል። ሌላ ምን አለኝ?"

ልጅቷ ተረከዟ ላይ ቁጭ አለች። "እኔም እኮ በእሷ ጭን ላይ ነው ያደግኩት። ገና ሳትረግጠው እግሯ ሲጠነክር ይሰማኝ ነበር። እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም።"

በጣሳው ውስጥ ቅቡ መወፈር ጀምሯል። ፊውዝ ሊናገር አፉን ከፈተና፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ መልሶ ዘጋው።

"ሮለሩ ይከምርበታል" አለ ሹፌሩ በመጨረሻ። "ብሩሽ ስጪኝ።"

ጉልበቱ እያመመው ተንበረከከ። ጉድጓዱን ከዳር እስከ ዳር፣ ቅርጹን እየተከተለ፣ ስስ አድርጎ ቀባው። ሲደርቅ ጠቆረ፣ ሻከረ፤ ግን ሳህኑ እንደ ሳህን ቀረ።

"ውሃውስ?" አለ ፊውዝ።

"ይቋጥራ! ከእንግዲህ ምን ሊያደርገው? በጨርቅ እጠርገዋለሁ።"

ሁለተኛው ቅብ ተደርቦ በደንብ ከጠነከረ በኋላ ወንበሮቹ ተመለሱ፣ ችግኙም ተጫነ። ልጅቷ እንደ ልማዷ የተሳፋሪውን በር ከፍታ ልትገባ ስትል ሹፌሩ መኪናዋን ዞሮ አጠገቧ መጣ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

"አንቺ ንጂ።"

"አመንከኝ ማለት ነው?"

"ማን አመነሽ?" አለና በእሷ ፈንታ ገብቶ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩ ወለሉን ዳሰሰ፣ ጉድጓዱን አገኘ፣ ተረከዙን አሳረፈበት። "ያንቺ እምቢ ያለ ቀን የኔ ይይዛል። በይ ቀስ ብለሽ ውጪ።"