አይምጡ ያለችው ማንን ነው

እና ቁጭ ብለዋል፣ ከሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ መስታወት ማዶ፣ ከድምፅ ባለሙያው ጎን፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ በዘፈኗ ምት ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ፣ አጎቷ፣ ጋሼ፣ የገዛ ዘፈኗ በአየር ላይ እየተሰማ እሷ ማይኩ ፊት ተቀምጣለች፣ ወይ ጉድ፣ ማን ጠራቸው፣ አዘጋጁ ነዋ፣ ያ ሳቂታ፣ ድንገተኛ እንግዳ አምጥቼልሻለሁ ብሎ ጠቀሳት፣ ደስ የሚላት መስሎት፣ ዘፈኑ ሲያልቅ እናስገባቸዋለን፣ የዘፈኑን ታሪክ አብራችሁ ታወሩልናላችሁ። ገና አዝማቹ ላይ ነው። ቀስ በል አንተ ዘፈን፣ እባክህ ቀስ በል።

በሬን አያንኳኩ፣ አይምጡ፣ አይምጡ። አገር ምድሩ ይጨፍርበታል፣ ሰው የሰለቸው ሁሉ መዝሙሩ አድርጎታል፣ ሰርግ የሚቀር ይልከዋል፣ ስልክ የማያነሳ የስልክ ጥሪው አድርጎታል፣ አንዱማ ቲሸርት ላይ አትሞ ይቸበችበዋል፣ ቅድም አዘጋጁ፣ እስቲ ንገሪን፣ ሰው ምን አደረገሽ ብሎ ሲስቅ እሷም ሳቀች፣ ምን ታድርግ፣ እንዲሁ ሰው ብዙም አልወድም አለች። ውሸቷን ነው። ሰው ትወዳለች፣ ቤት ሞልቶ ሲንጫጫ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት፣ የምትፈራው በር ነው።

አይምጡ ሲባል ሁሉም ሰዎቹ አይምጡ ማለቷ ይመስለዋል፣ ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ እነሱ። አንቱታ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ የለም። አንድ ሰው። ልጅ ሳለች፣ እናቷ ፋብሪካ ፈረቃ ስትገባ በሩ በአንድ ጣት ኳ ኳ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺ የኔ ቆንጆ፣ እሷ ደግሞ አልጋዋን ጎትታ በሩ ላይ አስደግፋ፣ ጋሼ፣ እባክዎ፣ አይምጡ፣ በሬን አያንኳኩ፣ እየተንቀጠቀጠችም አንቱ፣ ታላቅ ይከበራል ተብላ ነዋ ያደገችው፣ አይ አንቺ፣ ሰው እየፈራም ጨዋ ይሆናል? አልጋው ግን ቀላል ነበር፣ በሩም ይከፈታል።

ትናንት እህቷ ደወለች፣ ምንም የማታውቀው እህቷ፣ በደስታ እየተፍለቀለቀች፣ ጋሼን እግዜር ይስጣቸው፣ ትምህርት ቤቱ ለእኔ ይቀርባል ብለው ልጄን እሳቸው ቤት ሊያኖሩልኝ ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ፣ ለብቻዋ ክፍል አዘጋጅተውላታል። ክፍል። እሷም እሰይ አለች። እሰይ! ምነው ምላሷ በተቆረጠ። ብትናገርስ ማን ያምናታል፣ የእሷንና የእህቷን እናት የቀበሩ እሳቸው፣ ሁለቱን ያስተማሩ እሳቸው፣ ዘመድ ሲጣላ የሚያስታርቁ እሳቸው፣ ዝና ናላዋን አዞረው ይባላል፣ አበደች ይባላል፣ እህቷስ፣ እህቷስ ዓይንሽን አልይ ብትላት? ዝም ካለች ደግሞ ያቺ ጥርሰ ወላቃ የእህቷ ልጅ፣ አክስቴ ዘፈንሽን በቃሌ ይዤዋለሁ የምትለው፣ አሁን ይሄኔ ከእናቷ ጋር ሬዲዮው ሥር ተለጥፋለች፣ የአክስቷን ድምፅ ልትሰማ።

ዘፈኑ አለቀ። በሩ ይከፈታል፣ ሽቶው ቀድሟቸው ይገባል፣ ያው የድሮው ሽቶ፣ ቀዩ የስርጭት መብራት በርቷል፣ አዘጋጁ ወንበር ይስብላቸዋል፣ እስቲ ጋሼ ይንገሩን፣ ድሮም እንዲህ ነበረች? ድሮም፣ ይላሉ እየሳቁ፣ ከልጅነቷ ሰው አትወድም፣ በር መዝጋት ነበር ሥራዋ፣ እኔ ነኝ አባብዬ የማስከፍታት። አዘጋጁ በሳቅ ይፈርሳል። ልነሳ፣ ልጥፋ፣ መውጫው በሳቸው በኩል ነው፣ ድምፅ አይወጣኝም፣ እንደ ድሮው አይወጣኝም፣ ትፈራለች፣ ዛሬም ትፈራለች፣ እየፈራች ወደ ማይኩ ትጠጋለች።

አይምጡ ያልኩት ሰዎችን አይደለም፣ አንድ ሰው ነው፣ አንቱ እያልኩ የለመንኩት።

ሳቁ ይቆማል። ወደ አጎቷ ዞር ብላ ታየዋለች።

አንተ፣ ልጅቷን አትወስዳትም።