ሣር ቀባሪው

«ነገ ጧት ነጋዴው ይመጣል፣ እትዬ። ላሞቹ መቆም ሳያቅታቸው ይሸጡ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ስኒውን ከወንበሩ ሥር እያስቀመጠ።

የሟቹ ሚስት ከበረት የሚመጣውን ጩኸት እያዳመጠች ነበር። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሜዳው ተልጦ አፈር ብቻ ቀርቷል።

«ጉድጓዱስ?» አለች።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ፣ «ያንን የገማ ሣር ነው የምትለው?» ስትል አንሾካሾከች።

ሰፈሩ ባሏን «ሣር ቀባሪው» ነበር የሚለው። በበሩ ሲያልፉ፣ «ለቅሶ ልንደርስህ መጥተናል!» እያሉ ይተርቡታል። እሱም «ግቡ፣ ግቡ! ሟቹ ገና እየኮመጠጠ ነው» ብሎ አብሯቸው ይስቃል። እሱ ራሱ ከተቀበረ ወዲህ ግን «መቅበር» የሚለው ቃል ከቤቱ ጠፍቷል። ሰዉ ሁሉ «ከሸኘነው ወዲህ» ነው የሚለው።

ስሙ የወጣለት አምና ነው። ረጃጅሙን ሣር ለላሞቹ የበጋ ቀለብ እንዲሆን ቆራርጦ፣ ከበረቱ ጀርባ ጉድጓድ ሞልቶ ደፈነው። በበጋ ሲከፍተው ሰፈሩ አፍንጫውን ያዘ፤ ላሞቹ እንኳ አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ሰሞን ከሰው ጋር አልተነጋገረም። ዘንድሮ ደግሞ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚባለውን ጥቁር የስኳር አተላ በጄሪካን ተሸክሞ መጣ።

«አሁን ደግሞ ሣር በማር ልታበላ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ሳቂ፣ አንቺ! የሞቃት አገር ሣር ቁመት እንጂ ስኳር የለውም። ስኳር ካጣ በወጉ አይኮመጥጥም፤ ካልኮመጠጠ ይበሰብሳል። አምና እኮ የራበው ሣሩ ራሱ ነው።»

ሞላሰሱን በውሃ አቅጥኖ በአትክልት ማጠጫ ሣሩ ላይ ረጨ፤ እሷ ረገጠችው። እንደገና ሣር፣ እንደገና ሞላሰስ፣ እንደገና መርገጥ። ጉድጓዱ ሲሞላ ላስቲክ አልብሶ አፈር መለሰበት፤ ጠርዙን በጭቃ ለስኖ በመዳፉ እየመታ ደፈነው።

«ስንከፍተው ለዕለቱ የሚበቃውን ከጠርዙ ወስደን ወዲያው መድፈን ነው። አየር ካገኘው አለቀለት» አላት። ቀና ብሎ ደረቱን አሸት አሸት አደረገ። «ድካም ነው» አለ።

ድካም አልነበረም።

አሁን ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለ ወንድምየው።

«ጉድጓዱን ልከፍት።»

«ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ላሞቹ ሐዘን አያውቁም፤ ርቧቸዋል። ከገማ ነጋዴህን አምጣ። ካልገማ ግን አንዷም አትሸጥም።»

ተከትሏት ወጣ። ጎረቤቶቹም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ከኋላ መጡ።

በጉድጓዱ ጠርዝ፣ በደረቀው ጭቃ ላይ፣ የባሏ መዳፍ ከነጣቶቹ ታትሞ ቀርቷል። አየችው። መክፈቻው እዚያው ነው፤ በሌላ በኩል መንገድ የለም። ዶማውን አነሳች።

ላስቲኩ ሲገለጥ የላይኛው ሣር ሻግቶ ጠቁሯል።

«አላልኩሽም?» አለ ወንድምየው፣ ድምፁ ሰልሎ።

የሻገተውን በዶማ ገፍታ ጣለችና ከሥሩ አንድ እፍኝ ነቀለች። አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ አድልቷል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ። ባሏ ጉድጓዱን በደፈነ ቀን ሸሚዙ ላይ የነበረው ጣፋጭ ሽታ ከውስጡ መጣባት።

ወደ በረት ይዛው ሄደች። አጥንቷ ብቻ የቀረው ላም አሸተተች፤ አንገቷን መለስ አደረገች። ላሟ እንደገና አሸተተችና ምላሷን ሰደደች። እፍኙን ጨርሳም የሴትየዋን መዳፍ መላስ ጀመረች።

«በቃ፣ ነጋዴው እንዳይመጣ እነግረዋለሁ» አለ ወንድምየው። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ጉድጓዱስ? ክፍቱን ይደር?»

«አይደርም» አለች። «መልሰን እንቅበረው።»

ሁሉም አቀረቀሩ። እሷ የላሞቹን ድርሻ አውጥታ ላስቲኩን መለሰች፤ ተንበርክካ ጭቃ አቦካች፤ ጠርዙንም በመዳፏ መታ መታ እያደረገች ደፈነች። የእሱ መዳፍ የነበረበት ቦታ ስትደርስ እጇን ጭቃው ላይ ጫነችው፤ አላነሳችውም።